ቀዩ ሶኬትና የአክስቴ ትንፋሽ

አስታማሚ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ካልሆናችሁ አትቸኩሉ፣ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። እኔ እንኳ እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ሆስፒታል የማውቀው በደጁ ሳልፍ ብቻ ነበር። ደባርቅ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመርፌ ጋር ስለምውል ሌላ መርፌ ፍለጋ ሆስፒታል የምሄድበት ምክንያት አልነበረኝም። የስፌት መኪናዬም በእግር የምትረገጥ ናት፤ ስለ ኤሌክትሪክ ያለኝ ዕውቀት አንድ ጊዜ አምፖል ከመቀየር አያልፍም። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ስለሠራሁት ሥራ ከወዲሁ እንድታዝኑልኝ ነው።

ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ ብርዛፍ ናት። ትውልዷ ከስሜን ተራሮች አናት፣ ጊች ነው። የጊች ሰው ከፓርኩ ተነሥቶ ደባርቅ ወርዶ ከሰፈረ ወዲህ ከኔ ቤት ወረድ ብላ ትኖራለች። ያን ሁሉ ዘመን በጊች ውርጭ ገብስ ስታጭድ ኖራ አንድ ቀን አስነጥሷት የማያውቅ ሴት፣ ደባርቅ ወርዳ በአንድ ዝናብ የሳንባ ምች ያዛት ብላችሁ ታምናላችሁ? እሷም አላመነችም። «ብርዱማ ዘመዴ ነው፣ እሱ አይገድለኝም» እያለች ከንፈሯ እስኪጠቁር ድረስ ቆየች። በመጨረሻ እየተሳደበችም ቢሆን ተሸክመን ወሰድናት።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና፣ «ሳንባዋ በጣም ደክሟል። እስኪያገግም በማሽን እናግዘዋለን። ማሽኑ ግን መቋረጥ የለበትም» አለኝ። «የለበትም» የምትለዋን ሲናገር ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። ሰውን በዓይኑ የሚለካ ሐኪም ነው መሰለኝ።

ማሽኗን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቁመቷ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከሥሯ ጎማ ያላት ነጭ ሳጥን ናት። ኦክስጅኑን ከሌላ ቦታ ሞልተውላት እንዳይመስላችሁ። እኛው ከምንተነፍሰው፣ ከዚያው ክፍል አየር ትስብና ጥሩ ጥሩውን ለይታ በቀጭን ቱቦ ወደ አክስቴ አፍንጫ ትልካለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የአስታማሚ ካልሲ አለ፣ የሽንኩርት ወጥ አለ፣ የመድኃኒት ሽታ አለ። ከዚያ ሁሉ መሀል ንጹሑን ነጥሎ ማውጣት! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አክስቴ ትንፋሿ ሲመለስላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር፤

«እንደ ጠላ ነው የምታጠልለው?»

«እንደዚያው ነው እትዬ።»

«አተላውንስ የት ትደፋዋለች?»

ይህን ሐኪሙን ልጠይቀው ብዬ አፈርኩ።

ማሽኗ የተሰካችው ከአልጋው ራስጌ ባለ ቀይ ሶኬት ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ነጫጭ ሶኬቶችም ነበሩ፤ የቀዩ ማዕረግ ግን የተለየ ነው። ከተማው ውስጥ መብራት ሲጠፋና የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ ነፍስ የሚዘራው ቀዩ ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ኢንጂነር መቅደስ የምትባል የዳባት ልጅ ናት። በየማለዳው መለኪያዋን አንጠልጥላ ትመጣና እንደ ጥርስ ሐኪም ቀዳዳውን ሁሉ ስትመረምር ታረፍዳለች። እጇ ሲሠራ አፏ አያርፍም። ዩኒቨርሲቲ እያለች ከክፍሏ አንደኛ እንደነበረች የነገረችን እኛ ሳንጠይቃት ነው። ስትወጣም በሩ ላይ ዞር ትልና፣

«ቀዩ የማሽን ነው! የሰው አይደለም! ሞባይል ሰክቶ ያገኘሁት ሰው ከኔ ጋር ይተያያል!» ትላለች።

እስቲ አሁን ፍረዱኝ። መብራት ሲመጣ «መጣ! መጣ!» ብሎ ከነልጁ ቻርጀር ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ፊት የማይጠፋ ሶኬት አስቀምጦ «አትንካ» ማለት ምን የሚሉት ፈተና ነው? አዳም እንኳ ያልቻለው ነው። በማግስቱ ገበያ ወረድኩና ባለ ብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር ገዛሁ። ትንፋሼን ውጬ የማሽኗን ገመድ ከቀዩ ነቀልኩ፣ ዲቫይደሩን ቀዩ ላይ ሰካሁ፣ ማሽኗን ደግሞ ዲቫይደሩ ላይ። ማሽኗ አንዴ ጢጥ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እንግዲህ እኔ ማሽኗን ምን አደረግኳት? ጎረቤት ነው ያመጣሁላት። ዲቫይደሩን ከአልጋው ሥር ከትቼ ነጠላ አለበስኩት። ማለዳ ኢንጂነሯ ሳትመጣ እነቅላለሁ፣ ስትወጣ መልሼ እተክላለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሹመት ነው። ወሬው በክፍሉ ተዳረሰ፤ አስታማሚው ሁሉ ቻርጀሩን በጉያው ይዞ እየመጣ፣ «ጌታዬ፣ ለአፍታ ብቻ፣ ልጄ ትደውልልኛለች» ይለኝ ጀመር። ጌታዬ! በሱቄ ሰው የሚያውቀኝ «ሱሪዬ መቼ ነው የሚደርሰው?» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው። እዚያ ግን አንዱን «ቆይ» ብዬ፣ ሌላውን «እሺ» ብዬ፣ ሦስተኛውን ፊቴን አጥቁሬ የምመልስ ሰው ሆንኩ። አንድ ሽማግሌ «ሹመት ያዳብር» ብለው አሾፉብኝ፤ እኔ «አሜን» አልኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? የበላሁት ቆሎና ድፎ ዳቦ ነው፤ ግን በላሁ።

ከጎናችን ባለው አልጋ ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ አያ ኃይሉ የሚባሉ የአዲ አርቃይ ሰው ነበሩ። ቆላ ተወልደው ቆላ ያረጁ ናቸው። ሁለት ጋቢ ደርበው፣ በላዩ ብርድ ልብስ ጨምረው፣ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ይውላል።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እዚህ አገር ፀሐይ የምትወጣው ለማን ነው?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከጋቢያቸው ሥር አሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ አወጡ። ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኳቸውም። ሆዱ ብረት ነው፣ ሽቦው አንገቱ ላይ ተልጧል። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ ባለ ሦስት እግር ነው፤ የኔ ዲቫይደር ደግሞ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አሉኝ።

ሹም መቼ «አላውቅም» ይላል? ከዘበኛው ፒንሳ ተዋስኩና፣ «ይቺ መሀለኛዋ እግር ለጌጥ ናት አያ ኃይሉ» ብዬ ከሥሯ ቆረጥኳት። እሳቸውም «እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁኝ። ምድጃው በሁለቱ አልጋዎች መካከል፣ ከአክስቴ አልጋ ብረት ተደግፎ ፍም መሰለ። እውነቱን ልናገርና፣ ሞቀን።

ብዙም ሳይቆይ አክስቴ፣ «ይህን ብረት ስይዘው ጉንዳን በክንዴ ይሄድብኛል» አለች። እኔም የአልጋውን ብረት ያዝኩት። ከጣቴ እስከ ክርኔ የሆነ ነገር ሽር አለብኝ። አያ ኃይሉ ያዙና እጃቸውን መንጭቀው አማተቡ።

ኤሌክትሪክ ይሆን እንዴ? ብዬ ማሰቤን አልክድም። ግን ወዲያው በብልሃት መለስኩት። ኤሌክትሪክ የሚኖረው በሽቦ ውስጥ ነው። አልጋው ሽቦ የለውም፣ የትም አልተሰካም። ያልተሰካ ነገር ደግሞ አይነዝርም። ይህን ካልኩ በኋላ የቀረኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነበር።

«መንፈስ ነው» አሉ አያ ኃይሉ በሹክሹክታ። «እኛ ቀዬ እንዲህ ሲሆን አይተናል። የንስሐ አባቷን ጥራላት።»

ጠራሁላት። መምሬ አድማሱ ትንሽ ጀሪካን ጸበልና የናስ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ጸሎት ሲይዙ ጫማ ማውለቅ ልማዳቸው ስለሆነ በባዶ እግራቸው በሲሚንቶው ላይ ቆሙ። በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ያዙ፤ ትንሽ ቆዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አለ» አሉ።

አስታማሚው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ፤ ሊነሡ የማይችሉ በሽተኞች ሳይቀሩ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። መምሬ ደግመው ሲያበቁ የአክስቴን ግንባር ረጩ፣ አልጋውን ረጩ፣ ከዚያ ማሽኗን አዩዋት።

«ይህችም ስትደክም ትውላለችና ትባረክ» ብለው እሷንም ረጩ።

እኔ እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ሹም አይደለሁ! «መምሬ፣ ዋናው ከአልጋው ሥር ያለው ሳይሆን አይቀርም፤ ከሥሩ ነው መምታት» አልኩና ጀሪካኑን ተቀብዬ ከአልጋው ሥር ገለበጥኩት።

ጧ!

ምድጃው ጠቆረ። የስልኮቹ መብራት ሁሉ ባንዴ ድርግም አለ። መምሬ እጃቸውን ከብረቱ አስለቅቀው ወደ ኋላ ተፈናጠሩ። ማሽኗ ጢጢጢጢ ብላ ጮኸች። አያ ኃይሉ፣ «ወጣ! ለቀቃት!» ሲሉ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም በደስታ ውሃው ላይ ተንበረከክሁ። ሰው በገዛ እጁ ባፈሰሰው ኩሬ ላይ ተንበርክኮ ሲያመሰግን አይታችሁ አታውቁም፤ እኔን ብታዩ ይበቃችሁ ነበር።

ቀና ስል የአክስቴን ፊት አየሁ።

አፏን ከፍታለች፤ የሚገባላት ነገር ግን የለም። በቱቦው ውስጥ ያፏጭ የነበረው አየር ጸጥ ብሏል። ከንፈሯ ያን ከቤት ስናወጣት የነበረውን ጥቁረት መልሶ ያዘ። እጇን ዘረጋችልኝ። ያን ጊዜ መንፈሱም ሹመቱም ከጭንቅላቴ ጠፋ። እናቴ ስትሞት ሕፃን ነበርኩ፤ እናት የምላት ይህችው ናት። «ሲስተር!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ከተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ነርሷ ትልቁን የኦክስጅን ሲሊንደር እየገፋች ሮጣ ገባች፣ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዞረች፣ የአክስቴን ጀርባ ደግፋ አነሣቻት። ትንፋሿ ቀስ እያለ መለስ አለ። ነርሷ ግን ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየውን የሲሊንደሩን ጌጅ አየችና ፊቷ አልፈታ አለ።

«ይህ ብዙ አያቆያትም። ሌላው ሲሊንደር ወሊድ ክፍል ነው። ማሽኑ መሥራት አለበት፣ መቅደስን ጥሩልኝ!»

መቅደስ መጣች። ከበሩ ላይ ሆና ውሃውን አየች፣ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አለች። ከኮሪደሩ ዋናውን ማብሪያ አጥፍታ ተመለሰች። ጎንበስ ብላ ነጠላውን ገለጠች።

ዲቫይደሩ ከነልጆቹ ተጋለጠ።

«የማነው?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ግን «ጌታዬ» ሲሉኝ የከረሙት ሰዎች ዓይን በሙሉ አንድ ላይ ወደ እኔ ዞረ። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ዲቫይደሩን ከነምድጃው ጎትታ አወጣች፣ ወለሉ እንዲደርቅ አስደረገች፣ ቀዩን ሶኬትና ማሽኗን ለካች፣ ደግማ ለካች። እኔ ጌጁ ላይ ተተክዬ ቀስቷ ስትወርድ አያለሁ። «ቶሎ በይ እንጂ እህቴ» ብል፣ «በችኮላ ነው እዚህ የደረስነው ጋሼ» አለችኝ። መብራቱን መለሰችና ማሽኗን በቀጥታ ቀዩ ላይ ሰካቻት። ማሽኗ ጢጥ አለች። ማንጎራጎር ጀመረች። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ በገና ቢደረደርልኝም አልለውጠውም።

የአክስቴ ከንፈር ሲቀላ ነው መቅደስ መናገር የጀመረችው። ምድጃውን ገልብጣ አሳየችን።

«የተላጠው ሽቦ የምድጃውን ሆድ ነክቷል። ምድጃው አልጋውን ነክቷል። አልጋው ደግሞ እትዬን። ይቺ ሦስተኛዋ እግር ብትኖርና ወግ ባለው ሶኬት ብትሰካ፣ ያመለጠውን ወደ መሬት ታወርደው ነበር። ማነው የቆረጣት?»

ጣሪያውን አየሁ። የሆስፒታሉ ጣሪያ ቀለም መቀባት ያስፈልገዋል።

«መሬት ስላጣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጥቂት ጥቂት ሲነዝራችሁ ነበር። ውሃው ሲፈስ መንገድ አገኘ። መምሬ፣ አልጋውን ይዘው ነበር?»

«ይዤ ነበር ልጄ።»

«ጫማስ አድርገው ነበር?»

መምሬ እግራቸውን ዝቅ ብለው አዩ። ገና በባዶ እግራቸው ነበሩ፣ ጣቶቻቸው መካከል ውሃ አለ። መቅደስ ያን ጊዜ አፏ ተያዘ። ይህች ያለማቋረጥ የምታወራ ልጅ!

ኋላ እኔንና መምሬን ወደ ኮሪደሩ ወሰደችንና በግድግዳው ላይ ያለ የብረት ሳጥን ከፈተች። ውስጡ ብዙ ነገር ተደርድሯል። ከመካከላቸው የክብሪት ቀፎ የሚያክል አንድ ነገር በጣቷ ነካች።

«ያተረፋችሁ ይህ ነው። ወደ ክፍሉ የሄደውን ይለካል፣ የተመለሰውን ይለካል። የሄደውና የተመለሰው እኩል ካልሆነ፣ ጥቂት እንኳ በሰው በኩል ሾልኮ ወደ መሬት ከወረደ፣ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ዓይን እስኪርገበገብ አይጠብቅም።»

ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ መብራት በጠፋ ቁጥር ያልሰደብኩት ወገን የለም። መጥፋትን የመሰለ ጠላት አልነበረኝም። ለካ ሰውን ለማዳን ብሎ የሚጠፋም አለ። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ በዚያ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ሌት ተቀን የአክስቴን ነፍስ ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ቆሎ እየቆረጠምኩ ስሾም። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም።

«እንግዲያው ጸበሉ ነው የገለጠው» አሉ መምሬ።

«ውሃው ነው መንገድ የሆነው አባታችን» አለች መቅደስ።

«መንገድ ባይሆንስ? በዚያው ሲነዝራት ትከርም አልነበረም?»

መቅደስ መለኪያዋን አየች። «እሱስ እውነት ነው። እኔ በየማለዳው ስፈትሽ ዲቫይደሩን አላገኘሁትም» አለች። ያላገኘችው እኔ ማለዳ ማለዳ ስለምነቅለው መሆኑን ለመናገር ያ ሰዓት ተስማሚ መስሎ አልታየኝም። «ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ጸበሉን በእጅዎ ይቀቡልን፤ ወለሉን ለኔ ይተዉልኝ።»

«ግንባሩ የኔ፣ ወለሉ ያንቺ» አሉ መምሬ። ተስማሙ።

ለአክስቴ ስነግራት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ። «ማታ በጎች ሲገቡ በር ላይ ቆሞ እንደሚቆጥር ሰው ነዋ» አለች። ደግማ ሳትጠይቀኝ ገባት፤ እኔ ግን መቅደስ ሦስት ጊዜ አስረድታኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ቀዩን ሶኬት የምጠብቀው ራሴ ሆንኩ። ቻርጀር ይዞ የመጣ ሁሉ ፊቴን አይቶ ይመለሳል። አያ ኃይሉም ሦስተኛ ጋቢ ደረቡ።

መምሬ ግን ያን ዕለት ከኮሪደሩ ሳጥን ፊት ቶሎ አልሄዱም ነበር። ቆመው ያዩታል።

«ማነው ይህን የሠራው?» አሉ።

«ውጭ አገር ነው አባታችን። አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰው አላውቅም» አለች መቅደስ።

«የክርስትና ስሙስ?»

«እንጃ አባታችን። ክርስቲያን መሆኑንም አላውቅም።»

መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ አሰቡ፣ አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ጫማቸውን ፍለጋ ሄዱ።

አክስቴ አገገመች። ሐኪሙ ቱቦውን አወጣላትና ወደ ቤት ተመለስን። እግሯ ሲጸና በአንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከግቢው ጽድ ሥር ተሰብስቦ፣ መምሬ አድማሱ ምርቃት ጀመሩ። መንገደኛውን አስበው አሉ፤ አሜን። ነፍሰ ጡሯን፤ አሜን። የታመመውን፣ የታሰረውን፤ አሜን። ከዚያ ቆም አሉ።

«ስሙን አንተ የምታውቀውን፣ አገሩን እኛ የማናውቀውን፣ በግድግዳ ውስጥ ሆኖ ሰው የሚጠብቀውን ዕቃ የሠራውን፣ ካለም በሕይወቱ፣ ከሞተም በነፍሱ አስበው።»

ሕዝቡ ግራ ገባው። እርስ በርሱ ተያየ፤ አሜን የሚል ጠፋ። በዚያ ዝምታ መሀል አክስቴ ክንዴን ለቀቀች፣ ያለ ቱቦ፣ ያለ ማሽን ደረቷን ሞልታ አየር ሳበች፣ ግቢው እስኪያስተጋባ ድረስ፣

«አሜን!» አለች።